ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፦ ክብደት ቀንሶ እዚያው ለመቆየት

ለወንድሜ ሰርግ ብዬ በሦስት ወር 11 ኪሎ ቀነስኩ። ሱፉ ልክክ አለ፣ ፎቶውም አሪፍ ወጣ። ሰርጉ ጥር ላይ ነበር። መስከረም ላይ ያው ሱፍ አልቆለፍ አለኝ። 11ዱ ኪሎ ከነወለዱ ተመልሶ 13 ሆኗል።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፣ እንዳትደግሙት። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ጂም፣ ማታ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ሩጫ። ሰባቱንም ቀን። እንቅልፌ ቢበዛ አምስት ሰዓት ነው። ምሳ ሰላጣ፣ እራት የለም። ሰርጉ እስኪደርስ በእልህ ቻልኩት፤ ሰርጉ ሲያልፍ እልሁም አብሮ አለፈ፣ ከዚያ «ሁለት ሳምንት ልረፍ» ብዬ የጀመርኩት እረፍት ስምንት ወር ሆነ።

በሁለተኛው ዙር ዘጠኝ ኪሎ ለመቀነስ ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። ማንም አላጨበጨበልኝም፣ ልብ ያለ ሰውም የለም። ግን ይኸው አራተኛ ዓመቱን ይዟል። የምጽፍላችሁ ስለዚህኛው ነው።

ስፖርት የሚያደርገውና የማያደርገው

መጀመሪያ ሒሳቡን እንነጋገር። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው 300 ካሎሪ ገደማ ነው። ሁለት ጠርሙስ ቢራ ወደዚያው ይጠጋል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ 7,700 ካሎሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ «ዛሬ ስፖርት ሰርቻለሁ፣ ክትፎ ይገባኛል» የሚለው ሒሳብ አይመታም። ኪሎውን በዋናነት የሚያወርደው ትሪው ላይ ያለው ነው።

ታዲያ ስፖርቱ ለምን? የወረደው ተመልሶ እንዳይወጣ። ክብደት ስትቀንሱ ሰውነታችሁ ድርቅ የመጣ ነው የሚመስለው። የሚያቃጥለውን ይቆጥባል፣ ረሃቡን ይጨምራል፣ የጠፋበትን ለማስመለስ ወራት ሙሉ ይታገላል። ይሄ የባህርይ ድክመት አይደለም፣ ሰውነት የተሰራው እንዲህ ሆኖ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ቢያንስ አንድ ዓመት ያልመለሱ ሰዎችን እየመዘገበ የሚከታተል ጥናት አለ። ሰዎቹ የቀነሱበት መንገድ ለየቅል ነው። አብዛኞቹን የሚያመሳስላቸው አንዱ ነገር በቀን በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል መንቀሳቀሳቸው ነው፤ በብዛት የሚያደርጉት ስፖርት ደግሞ ወክ ነው። ተራ የእግር ጉዞ።

እግረ መንገዴን ሁለት ነገር ልበል። ሆዳቸው ላይ ፌስታል ጠምጥመው የሚሮጡ ሰዎች የሚያወጡት ውኃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጡ ይመለሳል። ሲት አፕም የሆድ ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ቦርጭን ለይቶ አያጠፋም። ስብ ከየት ቀድሞ እንደሚሄድ የሚወስነው ሰውነታችሁ ነው፣ እናንተን አያማክርም።

ለመጥፎው ሳምንት አቅዱ

ብዙ ሰው ዕቅድ የሚያወጣው በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ አዲስ ጫማ ገዝቶ፣ ሞራሉ ጣሪያ ሲነካ ነው። «በሳምንት ስድስት ቀን እሮጣለሁ» ይላል። ከዚያ ልቅሶ ይመጣል፣ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ቁጭ ማለት ነው። ወይ ልጅ ይታመማል። ወይ የበጀት መዝጊያ ደርሶ ቢሮ ይመሻል። ክረምቱ ሲገባማ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው፣ ዝናቡ፣ ብርዱ፣ ማን ይወጣል? አንዴ ሲቋረጥ «በቃ ተበላሽቷል» ተብሎ ጠቅላላው ይተዋል።

እኔ የገለበጥኩት ይሄንን ነው። «በዓመት ውስጥ በጣም በሚከፋኝ ሳምንት እንኳን ምን ማድረግ እችላለሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ አሳፋሪ ነበር፦ በቀን 15 ደቂቃ ወክ፣ በሳምንት ሁለቴ ደግሞ 10 ደቂቃ ቁጭ ብድግና ፑሽ አፕ። ይሄንን ወለል አደረግሁት። ከወለሉ በላይ ሲመቸኝ እጨምራለሁ፤ 40 ደቂቃም፣ አንድ ሰዓትም የምሄድበት ቀን አለ። ከወለሉ በታች ግን አልወርድም። ልቅሶ ቤት ሆኜ እንኳን «ቆይ መጣሁ» ብዬ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞሬ ተመልሻለሁ። ሰው ስልክ ሊያወራ ወጣ ይላል።

የእናንተ ወለል ከኔ ሊለይ ይችላል። ፈተናው አንድ ነው፦ ስትጽፉት ትንሽ ካላፈራችሁ በዝቷል ማለት ነው።

ወክ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ጠንከር ያለ ከሆነ ግማሹ ይበቃል። 150 ማለት በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ነው። የቀነሱትን ላለመመለስ ግን ብዙ ሰው ወደ 300ው ጠጋ ማለት ያስፈልገዋል። አንድ ጊዜ መሆን የለበትም፣ ቆራርጣችሁ መጨረስ ትችላላችሁ።

«መካከለኛ» ሲባል እንዲህ ለኩት፦ እየሄዳችሁ ማውራት ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን አትችሉም። መዝፈን ከቻላችሁ ፍጠኑ። ማውራት ካቃታችሁ ቀንሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል፣ ስለዚህ ከአዳማ ወይ ከድሬዳዋ የመጣ ሰው፣ ወይም ከውጭ አገር ለእረፍት የገባ ዘመድ፣ ሽቅብ ሲሄድ ቶሎ ቢያለከልክ አየሩ ስለሳሳ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝግ ይበል።

«በቀን 10,000 እርምጃ» የሚለውን ሰምታችኋል። ቁጥሩ የመጣው ከላቦራቶሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ የተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ስሙ ማንፖ-ኬይ ነበር፣ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» እንደማለት። ማስታወቂያ ነው። አሁን 3,000 የምትራመዱ ከሆነ 5,000 ማድረስ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ 10,000 አልሞላም ብላችሁ አትዘኑ።

ጊዜውን ከየት እናምጣ ለምትሉ፣ እኔ ከታክሲ ነው ያመጣሁት። ማታ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ። ያ 20 ደቂቃ ነው፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ መንገዱ ስለሚጨናነቅ አንዳንዴ ታክሲውን ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ይሄ የሚሰጠው ደስታ ለብቻው ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩና ሊፍት የለም ብላችሁ የምታማርሩ ደግሞ ጂም ቤታችሁ ድረስ መጥቶላችኋል። ከምሳ በኋላ ወዲያው ወንበር ላይ ከመውደቅ 10 ወይም 15 ደቂቃ መራመድ ደግሞ የደም ስኳር ሽቅብ እንዳይወጣ ይረዳል፤ እንጀራ በልተን ከሰዓት የሚጥለንን ድብታም፣ ቢያንስ በኔ ላይ፣ ይቀንሳል።

ጠዋት የምትወጡ ከሆነ የውሻውን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ሳይነጋ ብቻችሁን አትውጡ፣ በተለይ ሴቶች። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ። ጓደኛ ሌላም ጥቅም አለው፦ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ ብርድ ልብሱ ውስጥ መቅረት ያሳፍራል።

ሩጫ ለሚያምራችሁ፣ ክብደታችሁ ከፍ ያለ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ወራት በወክ ብቻ አሳልፉ። ጉልበት እንደ ሳንባ ቶሎ አይለምድም። ከዚያ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ ወክ እያላችሁ አቀላቅሉ፣ ከተቻለ አፈር ላይ። ታላቁን ሩጫ በዓመት አንዴ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ ሳምንት ሙሉ አንክሶ፣ ቲሸርቱን ፒጃማ የሚያደርገው ወገን አባል ነበርኩ። በዓሉን እወደዋለሁ፣ ግን እንደ ስፖርት ፕሮግራም አትቁጠሩት።

ጡንቻ፣ በዘይት ጀሪካን

በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ያስፈልጋል። ሴቶች «እንደ ወንድ እንዳልሆን» ብለው ይፈሩታል፤ አይሆንም፣ እንደዚያ ለመሆን ስንቱ ወንድ ለዓመታት ለፍቶ አቅቶታል። ክብደት ስትቀንሱ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ከ30 ዓመት በኋላ ደግሞ ካልሰራንበት በራሱ ጊዜ እየሳሳ ይመጣል። ጡንቻ ቁጭ ባላችሁበትም ቢሆን ካሎሪ ይበላል፣ ሲቀንስ ሰውነታችሁ የሚፈልገው ምግብም ይቀንሳል፣ እናንተ ግን የምትበሉት ያው ነው።

መሣሪያ አያስፈልግም። ቁጭ ብድግ፤ ከባድ ከሆነ ወንበር ላይ ቁጭ እያላችሁ ተነሱ። ፑሽ አፕ፤ ከባድ ከሆነ ግድግዳ ተደግፋችሁ፣ ቀጥሎ በጠረጴዛ፣ ቀጥሎ መሬት። ያለቀ የ5 ሊትር ዘይት ጀሪካን ውኃ ስትሞሉት አምስት ኪሎ ሆነ ማለት ነው፤ ጎንበስ ብላችሁ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ወደ ጎናችሁ ሳቡት። ሁለቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሊከብዱ ይገባል፤ ካልከበዱ ጨምሩ። አለቀ።

እረፍት የስንፍና ስም አይደለም

ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ጠዋት ያለፈ ሰው አትሌቶቹን አይቷል። ሲበሩ ነው የምናስተውላቸው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ተራ በተራ ተሰልፈው፣ በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ፣ እኔ እንኳን የምከተላቸው በሚመስለኝ ፍጥነት ሲሄዱ ግን ልብ አንልም። ያ የቀላል ቀናቸው ነው። ከባድ ቀን፣ ቀላል ቀን፣ ከባድ ቀን። ከልምምድ መልስ ደግሞ በልተው ይተኛሉ፣ በጠራራ ፀሐይ። እነሱ በእረፍት የሚኖሩ ከሆነ እኛ ከስምንት ሰዓት የቢሮ ሥራ በኋላ ሰባቱንም ቀን መፍጋት ምን ይሉታል?

ጡንቻ የሚጠነክረው በምትሰሩበት ሰዓት አይደለም፣ በማግስቱ ስታርፉ ነው። ያንኑ ጡንቻ ዳግም ከማሰራታችሁ በፊት 48 ሰዓት ያህል ስጡት። ሰኞና ሐሙስ ጀሪካን፣ መሃሉ ወክ፣ አንድ ቀን ሙሉ ከወለሏ የ15 ደቂቃ ወክ ሌላ ምንም። የኔ «ምንም» እሁድ ነው። ሰውነት ሲበዛበት ይናገራል፦ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁ ከወትሮው ከፍ ይላል፣ ደክሟችሁ እያለ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ በትንሽ በትልቁ ትቆጣላችሁ። ባለቤቴ ከኔ ቀድማ ታውቀዋለች። «ነገ ስፖርት የለም» ትለኛለች።

እንቅልፍ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። በመጀመሪያው ዙር የገደለኝ ይሄ ነበር ብዬ ነው የማምነው።

ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሰራና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ትንሽ ጥናት አለ፣ 10 ሰዎች ብቻ ናቸው ግን ውጤቱ አይረሳም። ምግባቸው ተቀንሶ ለ14 ቀን አንዴ በቀን 8 ሰዓት ተኩል፣ ሌላ ጊዜ 5 ሰዓት ተኩል ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። በሁለቱም ጊዜ የቀነሱት ኪሎ ተመሳሳይ ነበር፣ ሦስት ኪሎ ገደማ። ነገር ግን በደንብ ሲተኙ ከሄደው ውስጥ 1.4 ኪሎው ስብ ነበር፤ እንቅልፍ ሲያጥራቸው 0.6 ብቻ። የቀረው ሌላ ነው፣ በብዛት ለማቆየት የምንለፋበት ሥጋ። ሚዛኑ ሁለቱንም ጊዜ «ጎበዝ» ይላል! እኔም ለሰርጉ የቀነስኩት ምኑን እንደነበር አሁን ይገባኛል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ክብደታቸው ከፍ ያለና በቀን ከ6 ሰዓት ተኩል በታች የሚተኙ 80 ሰዎችን ይዞ እንቅልፋቸውን በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል አስረዘመ። ዳይት አልተሰጣቸውም። ተነጻጽረው ሲታዩ በቀን 270 ካሎሪ ገደማ ቀንሰው በሉ። ከላይ ያልኩትን የአንድ ሰዓት ወክ አስታውሱ፤ ተኝተው አገኙት ማለት ይቻላል። ምክንያቱን ሁላችንም በኑሯችን እናውቀዋለን። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሳምቡሳ ያምረዋል፣ ቀኑን ሙሉ ስኳር ስኳር ይለዋል።

አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያስፈልገዋል። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል የምትነሱ ከሆነ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተኝታችሁ መሆን አለበት፤ መተኛት ማለት ደግሞ አልጋ ውስጥ ስልክ መጎርጎር አይደለም። ስፖርት ለመስራት ብላችሁ ከእንቅልፋችሁ አንድ ሰዓት የምትሰርቁ ከሆነ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ነው። የማታውን ቀድማችሁ ካልቀነሳችሁ የጠዋቱን ስፖርት ተዉት፣ ከሰዓት አድርጉት።

ቡናን በሚመለከት እንዳታኮርፉኝ። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ አቦል የጠጣ ሰው ማታ 5 ሰዓት ላይ ግማሽ ስኒው ገና ደሙ ውስጥ ነው። «እኔን ቡና እንቅልፍ አይነሳኝም» የሚሉ አሉ፣ እናቴም ከነሱ አንዷ ናት፤ ይተኛሉ፣ ግን እንቅልፉ ይሳሳል። እኔ የመጨረሻዬን 8 ሰዓት ላይ አደረግሁ። ቅዳሜ ማታ ቡና የተጠራሁ እንደሆነ ቁጭ ብዬ ፈንዲሻዬን እበላለሁ፣ ወሬው ያው ነው። ጫትም እንቅልፍ ይነሳል፣ ይሄን ለሚቅመው ሰው መንገር አያስፈልግም። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ግን ያገላብጣል።

የሌሊት ተረኛ የሆናችሁ፣ ጥበቃዎች፣ ነርሶች፣ ዋሽንግተን ዲሲ ሌሊቱን መኪና ስትነዱ የምታድሩ ወገኖች፣ ለእናንተ ይከብዳል፣ እውነት ነው። መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ወይም በብርድ ልብስ ድፈኑት፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አድርጉት፣ የምትተኙበትን ሰዓት በእረፍት ቀናችሁም ብዙ አታዛቡት። ወክ ከመተኛታችሁ በፊት ሳይሆን ከተነሳችሁ በኋላ ይሁን።

አንድ ነገር ችላ አትበሉ። በጣም የምታንኮራፉ፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሻችሁ ቁርጥ ይላል የምትባሉና ቀን ቀን የምታንቀላፉ ከሆነ ሐኪም ያያችሁ። ይሄ በመጋረጃ አይፈታም። ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን የሚያማችሁ፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለባችሁም ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ጾምና ፍስክ

በጾም ወቅት ስፖርት አይቻልም የሚባለው ትክክል አይደለም፣ ግን ሪከርድ መስበሪያም አይደለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወክና ቀላሉን ነገር ያዙ። ጀሪካኑን ከምግብ በኋላ አድርጉት፤ 9 ሰዓት ላይ የምትበሉ ከሆነ 11 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ ጡንቻችሁን የሚጠብቁት እነሱ ናቸውና ከእንጀራው ይልቅ ወጡን አብዙ። በረመዳን ከማፍጠሪያው በፊት ቀለል ያለ ወክ፣ ጠንካራውን ካፈጠራችሁ በኋላ። ለሱሁር ስትነሱ እንቅልፉ ስለሚቆረጥ ቀን ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጋደም በሉ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ጾምና ስፖርት ስታቀናጁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አይሆንም፣ ስኳር ወርዶ መንገድ ላይ ሊጥላችሁ ይችላል።

ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ብሉ። እውነቴን ነው። ዶሮውን እምቢ ብሎ የሚቀመጥ ሰው አልወድም። በማግስቱ ወደ ወለላችሁ ተመለሱ። ክብደት የሚመልሰው የፋሲካ ቀን አይደለም፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው 50 ቀን ነው።

ሚዛንና የሰው አፍ

በዓል ማግስት ሚዛን ላይ አትውጡ። ጨው የበዛበት ምግብ ውኃ ስለሚያቆይ በአንድ ሌሊት አንድ ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል፣ ስብ አይደለም። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ ብትመዘኑም ችግር የለውም፣ ብቻ ያው ልጅ፣ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት ይሁን። የወሩን ከወሩ አወዳድሩ። ከሚዛኑ ይልቅ እኔ የማምነው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው፤ እምብርት ላይ አዙራችሁ ጻፉት። ከድሮው ሦስት ኪሎ ከጨመራችሁ ደንግጣችሁ አትጹሙ፣ «የትኛው ወለል ተሰበረ?» ብላችሁ ፈልጉ። በኔ ሁሌም እንቅልፉ ነው የሚገኘው።

የሰው አፍ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። እኛ አገር «ወፍረሃል» ምርቃት ነው፣ «ከሳህ» ደግሞ የሐዘን መግለጫ። ኪሎ ስትቀንሱ «ምነው፣ አመመህ? ሥራ ለቀቅክ እንዴ? ከሚስትህ ጋር ሰላም ናችሁ?» ትባላላችሁ። መልስ አዘጋጁ፣ አትከራከሩ። አክስቴ አራት ዓመት ሙሉ ባየችኝ ቁጥር «አትበላም እንዴ ልጄ?» ትለኛለች። እበላለሁ። ጉርሻዋን ሁለቱንም እቀበላለሁ፣ ሦስተኛውን በልመና አልፋለሁ፣ ስሜያት ከተሸኘሁ በኋላ በሯ ላይ ያለውን ታክሲ አሳልፌ ሁለት ፌርማታ በእግሬ እወርዳለሁ።